የጋዜጣ ካርቱን ገጸ ባሕርይዎን ለንግድ ከመፍቀድዎ በፊት

በየሳምንቱ ለጋዜጣ የሚስሉት ገጸ ባሕርይ ሲወደድ፣ አንድ ቀን ከካዛንቺስ ወይም ከፒያሳ አንድ ነጋዴ ደውሎ ምስሉን በካናቴራ ወይም በብስኩት መጠቅለያ ላይ ለማተም ይጠይቅዎታል። መልሱ መዘጋጀት ያለበት ግን ከጋዜጣው ጋር የመጀመሪያውን ውል በሚፈርሙበት ቀን ነው፤ በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት በቅጥር ወይም በትእዛዝ የተሠራ ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ባለመብቱ አሠሪው ወይም አዛዡ ነውና። ስለዚህ ውሉ ላይ ይህን ያስገቡ፦ «ጋዜጣው ሥዕሉን በዕትሙ ላይ የማውጣት ፈቃድ ብቻ አለው፤ ገጸ ባሕርያቱን በሸቀጥ፣ በማስታወቂያና በፊልም የመጠቀም መብት የሠዓሊው ነው።»

አሜሪካዊው የካርቱን ሠዓሊ ቢል ዋተርሰን ይህን ሳያስጠብቅ በመፈረሙ ብዙ ዋጋ ከፍሏል። እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1995 የሣለው የጋዜጣ ካርቱን «ካልቪን ኤንድ ሆብስ» ሲገንን፣ የሸቀጥ መብቱ በውሉ መሠረት ካርቱኑን ለጋዜጦች በሚያከፋፍለው ድርጅት እጅ ስለነበር መብቱን እስኪያስመልስ ድረስ ለዓመታት ተሟግቷል። ሸቀጥ እንዳይሠራበት የፈለገበት ምክንያት ጥልቅ ነው፦ ሆብስ ለልጁ ለካልቪን ሕያው ነብር፣ ለሌላው ሰው ግን የጨርቅ አሻንጉሊት ነው፤ አሻንጉሊቱ በሱቅ ቢሸጥ «ሆብስ በእርግጥ ሕያው ነው ወይስ አሻንጉሊት?» የሚለው፣ ሠዓሊው ሆን ብሎ ክፍት የተወው ጥያቄ ይዘጋል።

እርስዎም ገጸ ባሕርይዎ ፈጽሞ የማያደርገውን ነገር በአንድ ገጽ ጽፈው ያስቀምጡ። በኑሮ ውድነት የሚያማርር የፒያሳ ሊስትሮ ጠዋት በጋዜጣው ሲያማርር ታይቶ ማታ በዘይት ማስታወቂያ ላይ ቢስቅ፣ አንባቢ በማግስቱ የሚናገረውን አያምነውም። ያው ሊስትሮ በተማሪ ደብተር ሽፋን ላይ ቢወጣ ግን ምንም አይጎድልበትም።

እኔ ፈቃድ መስጠትን በራሱ አልነቅፍም። ሌላው አሜሪካዊ የካርቱን ሠዓሊ ቻርልስ ሹልዝ ገጸ ባሕርያቱን ለብዙ ሸቀጥና ማስታወቂያ ቢፈቅድም፣ «ፒነትስ» የተባለውን የጋዜጣ ካርቱኑን ወደ 50 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ያለ ረዳት በገዛ እጁ ስሏል። በግሌ የምፈራው ገጸ ባሕርዩ ሠዓሊው ሳያውቀው በሌላ ሰው ቃል መናገር ሲጀምር ነው።

ከፈቀዱ መብቱን አይሽጡ፤ በጽሑፍ የተወሰነ ፈቃድ ይስጡ። የዕቃው ዓይነት፣ ብዛቱ፣ የሚሸጥበት አገርና ጊዜው ይገለጽ፤ ከቅድሚያ ክፍያው ሌላ ከሽያጩ መቶኛ ይጠይቁ። ከሁሉ በላይ ግን የመጀመሪያው የኅትመት ናሙና ያለ ፊርማዎ እንዳይባዛ፣ በንግግር አረፋው ውስጥም እርስዎ ያልጻፉት ቃል እንዳይገባ በግልጽ ይስፈር። አዋጁ ስምዎ እንዲጠቀስና ሥራዎ እንዳይዛባ የመጠየቅ የሞራል መብት ቢሰጥዎም፣ ካናቴራው ገበያ ከወጣ በኋላ ከመካሰስ ናሙናውን ማተሚያ ቤት ሄዶ ማየት ይቀላል።

የቅጂ መብት ያለ ምዝገባ የሚገኝ ቢሆንም ክርክር ሲነሣ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ረቂቁን ቀን ጽፈውበት፣ ሥዕሉ ከወጣበት ጋዜጣ ጋር አያይዘው ያስቀምጡ። የጋዜጣው ቅጂ ከጠፋብዎ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ሄደው የቀድሞ ዕትሞችን ይጠይቁ።