ልጁ ፊደል ቆጥሯል፤ ግን ያነባል?

አንደኛ ክፍል ገብታችሁ "ሀ ሁ" ብላችሁ ብትጀምሩ ልጆቹ ተቀብለው እስከ "ፖ" ያደርሱታል፣ ያውም ጣሪያው እስኪነቃነቅ። ከዚያ አንዱን ልጅ ጠርታችሁ ሰሌዳው ላይ "ሚ"ን ብቻዋን ጽፋችሁ አሳዩት። ብዙ ጊዜ ዝም ይላል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ በሆዱ "መ፣ ሙ" ብሎ ቆጥሮ ነው "ሚ" የሚላችሁ። ይህ ልጅ ሰነፍ አይደለም። ዜማውን ይዟል፣ ፊደሏን ግን ገና አላወቃትም።

ባሕር ዳር ውስጥ ታች ክፍል ነው የማስተምረው። ይህን የምጽፈው ለአስተማሪም ለወላጅም ነው። ብዙዎቻችን ልጁ መጀመሪያ ማንበብ ይቻል፣ መጽሐፍ መውደዱ በኋላ ይመጣል ብለን እንጠብቃለን። እኔ በዚህ አልስማማም። ሁለቱ ከመጀመሪያው ቀን አብረው ካልተጀመሩ ሁለቱም ይጎዳሉ። ለምን ማንበብ እንደሚያስፈልገው ያላየ ልጅ 231 ፊደል ለመሸከም ምን አቅም ይኖረዋል?

ከፊደሉ እንጀምር። 33 ዋና ፊደላት አሉ፣ እያንዳንዳቸው ሰባት ቤት አላቸው፣ ዲቃላዎቹ ሲጨመሩ ደግሞ ቁጥሩ ከ231 ያልፋል። ይህን ሁሉ ጨርሶ ነው ወደ ቃል የሚሄደው ካላችሁ ልጁ ዓመቱን ሙሉ ትርጉም ያለው ነገር ሳያነብ ይከርማል። በጥቂት ፊደል ቃል መሥራት ጀምሩ። ላ፣ ም፣ ቤ፣ ት፣ ጣ፣ ና ብቻ ያወቀ ልጅ ላም፣ ቤት፣ ጣት፣ ጣና ማንበብ ይችላል። "ቤት ና" የሚል ሙሉ መልእክትም ያነባል። በመጀመሪያው ሳምንት "ቤት ና" ብሎ ያነበበ ልጅ ፊቱ እንዴት እንደሚበራ ማየት ነው!

ሳድሶችን አታዘግዩ። በሀሁ ተራ ስድስተኛ ስለሆኑ ልጁ የሚደርስባቸው ደክሞት ነው፣ ጽሑፍ ላይ ግን ከሁሉም የሚበዙት እነሱ ናቸው። ቅርጻቸውም ያስቸግራል። ሁለተኛው ቤት፣ ካዕብ፣ አብዛኛውን ጊዜ በቀኝ ጎኑ ጭረት ያወጣል፣ አምስተኛው፣ ኃምስ፣ እግሩ ላይ ቀለበት አለው፣ ል፣ ር፣ ስ፣ ን፣ ት ግን አንድ የሚያደርጋቸው ምልክት የላቸውም። ስለዚህ አንድ በአንድ፣ በቃል ውስጥ፣ ደጋግሞ ነው። የሚመሳሰሉትን ደግሞ በአንድ ቀን አታስተምሩ። ሰ እና ሸ፣ ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ ይራራቁ፤ አንዱ በደንብ ሳይያዝ ሌላው ከመጣ ልጁ ሁለቱንም ያጣቸዋል።

ተራውን ማፋለስ አዲስ ብልሃት አይደለም። የኔታዎች ሀሁ ካለቀ በኋላ አቡጊዳ የሚያስቆጥሩት በከንቱ አይደለም፤ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ ሲል ልጁ የለመደው ዜማ አያድነውም፣ ፊደሉን ማየት ግድ ይለዋል። ቄስ ትምህርት ቤት ቆይተው የሚመጡ ልጆች ፊደል ላይ ቀድመው የሚገኙትም ለዚህ ነው። ለእነሱ የሚጎድለው ሌላ ነገር ነው፦ የሚገባቸው አማርኛ፣ የሚያስቃቸው ታሪክ። እሱን ስጧቸው እንጂ ሀሁ አታስደግሟቸው።

ሌላው ማጥበቅና ማላላት ነው። ጽሑፋችን ይህን አያሳይም። "ገና ገና ነው" ብላችሁ ሰሌዳ ላይ ጻፉ። ፊደል ብቻ የሚለቅም ልጅ ሁለቱንም "ገና" አንድ ዓይነት አድርጎ ያነባቸዋል። "በዓሉ ደርሷል ወይስ አልደረሰም?" ብላችሁ ስትጠይቁት ቆም ይላል፣ እንደገና ያነባል፣ አሁን አንዱን አጥብቆ ሌላውን አላልቶ። እዚህ ላይ ነው ንባብ የሚጀምረው። ስለዚህ ልጁ አንብቦ ሲጨርስ "ጎበዝ" ብላችሁ ብቻ አትለፉት፣ ምን እንደተባለ በራሱ ቃል ይንገራችሁ።

አሁን ወደ መጽሐፉ። በየቀኑ፣ ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀረው፣ ለልጆቹ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። አንድ ክፍል ውስጥ ስልሳ ልጅ ቢኖርም ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ መጽሐፍ ነው። "ተረት ተረት" ብላችሁ ጀምሩ፣ "የላም በረት" ብለው ሲመልሱ ክፍሉ ይሰበሰባል። የጅቡን ድምፅ አጎርንኑት፣ የጦጣዋን አቅጥኑት፣ አትፈሩ። ጅቡ በሩን ሲያንኳኳ ላይ ስትደርሱ መጽሐፉን ዝጉት። "ነገ!" ስትሏቸው ሲጮሁባችሁ ደስ ይበላችሁ፣ በማግስቱ "ቲቸር፣ ጅቡስ?" እያሉ በር ላይ ይጠብቋችኋል። አደራ፣ ከዚህ ንባብ በኋላ ጥያቄ፣ ማርክ፣ የቤት ሥራ የሚባል ነገር አታስከትሉ። ይህቺ አሥር ደቂቃ ለደስታ ብቻ ትሁን።

እንቆቅልሽም ጥሩ የንባብ ትምህርት ነው። ከካርቶን ትንንሽ ካርድ ቁረጡ፣ በፊቱ "ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር አይደክመውም" ብላችሁ ጻፉ፣ በጀርባው መልሱን። ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው "እንቆቅልህ"፣ "ምን አውቅልህ" እየተባባሉ ያነባሉ። ያላወቀ አገር ይሰጣል። የእኛ ልጆች መልሱን "አባይ!" ይሉታል፣ ካርዱ "ወንዝ" ቢልም ስህተት አትበሉት።

"መጽሐፍ የለንም" የሚል ቅሬታ ሁልጊዜ ይሰማል፣ እውነትም ነው። ግን መጽሐፍ ይሠራል። ሁለት ነጭ ወረቀት ደርባችሁ መሃል ላይ አጥፋችሁ በስቴፕለር ብትመቱት ወይም በመርፌ ብትሰፉት ስምንት ገጽ ይወጣዋል። ልጁ ይናገር፣ እናንተ ጻፉ፣ እሱ ሥዕሉን ይሥራ። ሐይቁ ዳር የሚያድግ ልጅ የሚነግራችሁ አያጣም። እንዲህ ያለ ነገር ይመጣል፦ "አባቴ ደንገል ያጭዳል። ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። ሲደርቅ ያስረዋል። ታንኳ ይሆናል። ታንኳው ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል። አባቴ አውጥቶ ያደርቀዋል።" በየገጹ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከላይ ሥዕል። ቃላቱ ከራሱ አፍ የወጡ ስለሆኑ ልጁ ያነባቸዋል። ጓደኞቹም የእሱ ስም ሽፋኑ ላይ ስላለ ይሻሙበታል። ኮፒ ቤት ወስዳችሁ ብታባዙት ለቡድን የሚበቃ ንባብ አገኛችሁ ማለት ነው። ስልክ ያላችሁ ደግሞ አፍሪካን ስቶሪቡክ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ በአማርኛ የተጻፉ አጫጭር የልጆች ታሪኮች በነፃ አሉ፣ አውርዶ ማተም ይቻላል።

መጽሐፉ ከተገኘ በኋላ የት ነው የሚቀመጠው? ብዙ ቦታ ቁልፍ ያለው ቁምሳጥን ውስጥ ነው፣ እንዳይቀደድ ተብሎ። ይህ ያናድደኛል። ያልተነካ መጽሐፍ ለማን ነው? ባዶ ማዳበሪያ እጠቡና ኪስ ኪስ አድርጋችሁ ስፉበት፣ በልጁ ቁመት ልክ ግድግዳ ላይ ስቀሉት፣ መጽሐፎቹን ሽፋናቸው እንዲታይ አድርጋችሁ ኪሱ ውስጥ ክተቱ። የንባብ ማዕዘን ማለት ይኸው ነው። ኢትዮጵያ ሪድስ ከሚባለው የልጆች ንባብ ድርጅት መሥራቾች አንዱ አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ሐዋሳ ላይ አህያ በሚጎትተው ጋሪ ለልጆች መጽሐፍ አድርሰዋል፣ እኛ ከቁምሳጥን ወደ ግድግዳ ማድረስ አያቅተንም። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ክፍሉ ሲታፈን ደግሞ መጽሐፉን ይዛችሁ ማንጎ ጥላ ሥር ውጡ።

ወደኋላ የቀረውን ልጅ በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ፦ ክፍል ፊት አቁማችሁ አታስነብቡት። ሌሎቹ ሲስቁ የሚማረው መጽሐፍ ማለት ሐፍረት መሆኑን ነው። ሁሉም ጥንድ ጥንድ ሆኖ በሚያነብበት ሰዓት ዝቅ ብላችሁ አጠገቡ ተቀመጡ፣ ያንብብ። ሲደናቀፍ ቶሎ አትንገሩት። በልባችሁ እስከ አምስት ቁጠሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ያገኘዋል። ከታች ክፍል ላሉ ልጆች የሚያነብበት ቀንም ስጡት። የሦስተኛ ክፍል ልጅ ቀላል መጽሐፍ ማንበብ ያፍራል፣ ለአንደኛ ክፍል ልጆች ለማንበብ ሲለማመድ ግን ያንኑ ቀላል መጽሐፍ በኩራት አሥር ጊዜ ይመላልሰዋል። ጎበዝ እየሆነ ሲመጣ በሚኒ ሚዲያው በእረፍት ሰዓት አንድ ተረት ያንብብ። ድምፁ ግቢው ውስጥ ሲሰማ ከማንኛውም ሽልማት ይበልጥበታል።

ወላጆች፣ እናንተ ባታነቡም ትጠቅማላችሁ። ማታ "እስቲ አንብብልኝ የኔ ልጅ" ብሎ አጠገቡ መቀመጥ ፊደል መቁጠር አይጠይቅም። የምታውቁትን ተረት ንገሩት፣ ብዙ ተረት የሰማ ልጅ ታሪክ ወዴት እንደሚሄድ መገመት ስለሚችል ሲያነብ ይቀለዋል። ከአባይ ማዶ ወይም ከሽምብጥ ወደ ገበያ ስትሄዱ ደግሞ ታፔላውን፣ የባጃጁን ጀርባ፣ "አሳ ጥብስ አለ" የሚለውን እያሳያችሁ "ይህ ምን ይላል?" በሉት። ቢሳሳት አትቆጡት፣ ቀጣዩን አሳዩት።

የሚያሳስበኝ ክረምቱ ነው። ትምህርት ሲዘጋ ዓመቱን ሙሉ የለፋንበት ንባብ ይረሳል። ስለዚህ ሰኔ ላይ መጽሐፎቹን አከፋፍሉ። አንድ ደብተር ላይ የልጁን ስምና የመጽሐፉን ርዕስ ጻፉ፣ ዝናብ እንዳያገኘው በፌስታል ጠቅልላችሁ ስጡት። ጎረቤታሞች ሁለት የተለያየ መጽሐፍ ቢወስዱ በመሃል ይለዋወጣሉ። መስከረም ላይ አንዳንዱ ተቀዶ ይመለሳል፣ አንዳንዱም ጨርሶ ላይመለስ ይችላል። የተቀደደውን ከልጆቹ ጋር በስኮች ለጥፉት፣ የጠፋውን ወላጅ አታስከፍሉ፤ ከከፈለ በሚቀጥለው ዓመት ልጁን መጽሐፍ አያስነካውም።