ኮላጁ ለምን ጎበጠ? የቁርጥራጭ ወረቀት ሥራ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ጅማ ውስጥ ለኮላጅ፣ ማለትም ቁርጥራጭ ወረቀት ለጥፎ ለሚሠራ ሥዕል፣ የሚሆን ወረቀት አይገዛም። ሐሙስ ገበያ ሲበተን መሬት ላይ ያለውን መልቀም ነው፤ የሳሙና መጠቅለያ፣ የሎተሪ ትኬት፣ የሲሚንቶ ከረጢት ቅዳጅ። ጣጣው የሚጀምረው ካርቶን ላይ ከተለጠፈ በኋላ ነው፣ በተለይ ክረምት ላይ።

ካርቶኑ ጎበጠ

ዋናው ችግር ይሄ ነው። ጥፋተኛው ኮላው ውስጥ ያለው ውሃ ነው። ወረቀት ውሃ ሲጠጣ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰብና ካርቶኑን ወደ ራሱ ይጎትታል። መፍትሄው ጀርባውም ላይ ተመሳሳይ ውፍረት ያለው ወረቀት በዚያው ኮላ መለጠፍ ነው። ሁለቱ ወገን እኩል ይጓተታሉ።

ወረቀት አቅጣጫ እንዳለውም አትርሱ። ትርፍ ቁራጭ ቅደዱ፦ በአንድ በኩል ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ በሌላው ይንሻፈፋል። ቀጥ ብሎ የሚቀደድበት መስመር ከፊትም ከኋላም አንድ አቅጣጫ ይያዝ። ከዚያ ሥራውን በንጹሕ ወረቀት መሃል አድርጋችሁ ከባድ መጽሐፍ ጫኑበት። ንጹሑ ወረቀት ሲረጥብ ቀይሩት። ግድግዳ ላይ ለመስቀል አትቸኩሉ።

መሃሉ አረፋ አወጣ

ኮላ አልደረሰውም። በመርፌ ብሱት፣ በስቴኪኒ ጫፍ ትንሽ ኮላ አስገቡ፣ ተጫኑት። አለቀ።

ሻገተ

የዱቄት ሙጫ ተጠቅማችሁ ይሆናል። ርካሽ ነው፣ ግን ሻጋታም በረሮም ይወደዋል። ለጅማ ዝናብ የእንጨት ሠራተኞች ነጭ ኮላ ይሻላል። የሻገተውን ውጭ አውጥታችሁ አድርቁ፣ አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ በለስላሳ ብሩሽ አራግፉ። በእርጥብ ጨርቅ ካሻችሁት ይባስ ይሰራጫል። ፍሬም ውስጥ ሲገባ ደግሞ መስታወቱ ሥራውን አይንካ።

ደረሰኙ ጽሑፉ ጠፋ

የካሽ ማሽን ደረሰኝ በቀለም ሳይሆን በሙቀት ነው የሚታተመው። በጥፍር ጫር አድርጉት፤ ጥቁር መስመር ካወጣ እሱ ነው። ፎቶኮፒ አስነሱና ኮፒውን ለጥፉ።

ጋዜጣው ቢጫ ሆነ

ርካሽ ወረቀት ውስጥ የቀረው የእንጨት ንጥረ ነገር በብርሃንና በአየር ይጠቁራል። ከፀሐይ አርቁት። ከዚያ ውጭ ተዉት ባይ ነኝ። ሠዓሊዎቹ ፒካሶና ብራክ እ.ኤ.አ. በ1912 የለጠፏቸው ጋዜጦችም ቡናማ ሆነዋል፣ ማንም አልጣላቸውም።

ሁሉም ደህና ነው፣ ግን ቆሻሻ ይመስላል

እዚህ ላይ ጥፋቱ የኮላው አይደለም። ቁርጥራጮቹ እኩል መጠን ስላላቸው ሁሉም አንድ ላይ ይጮሃሉ። ጀርመናዊው ሠዓሊ ኩርት ሽቪተርስ የትራም ትኬትና መጠቅለያ እየለቀመ ነበር የሚሠራው፤ ብዙዎቹ ኮላጆቹም ከደብተር ገጽ አይበልጡም። ግን ልብ ብላችሁ እዩ፦ አንዱ ቁራጭ ሰፊ ነው፣ ሌላው ቀጭን፣ ጽሑፍ ያለው አጠገብ ባዶው ያርፋል። እናንተም ከመለጠፋችሁ በፊት እንዲሁ ደርድሩትና በስልክ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አንሱት። ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ ከሆነ ግማሹን ቀንሱ፤ የሲሚንቶ ከረጢቱ ቡናማ ለብቻው ሰፋ ብሎ ይተኛ። የሎተሪ ትኬት አንድ ይበቃል፣ አምስት ካደረጋችሁት ግን ሱቅ ከፈታችሁ ማለት ነው።