«ስሙን ጻፍኩ፤ ምንም አይወጣም»፦ በነፃ ኢንተርኔት ዘሩን ለሚቆጥር የችግርና መፍትሄ ማስታወሻ

ሰው ዘሩን መፈለግ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ለቅሶ ቤት ነው። እኔም የጀመርኩት ጎጃም ውስጥ አቸፈር፣ የአያቴ ወንድም ቀብር ላይ ነው። አንድ ሽማግሌ ድንኳኑ ውስጥ ጠጋ ብለውኝ ሰምቼው የማላውቀውን ዘመድ እስከ አምስት ቤት ቆጠሩልኝ። ማታ ወደ ባሕር ዳር ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ የቅድመ አያቴን ስም ጎግል ላይ ጻፍኩ። የወጣልኝ የአንድ ኳስ ተጫዋች ፌስቡክ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ለራሴም ለጎረቤትም ስፈልግ ደጋግመው ያደናቀፉኝን ነገሮች ነው እዚህ የማነሳው። የምጠቅሳቸው ምንጮች ሁሉ ክፍያ የላቸውም፤ የዳታው ብር ግን ከኪስ ነው።

«ስሙን ጻፍኩ፤ ምንም የለም»

ዋናው ችግር ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የፈረንጆቹ የዘር ፍለጋ ድረ ገጾች የተሠሩት የቤተሰብ ስም ላለው ሕዝብ ነው። የኛ ስም ግን በየትውልዱ ይንሸራተታል፤ የአያት ስም የልጅ ልጅ ጋ ሦስተኛ ሆኖ ይደርስና ከዚያ ይወድቃል። ሁለተኛ፣ መዝገቡ ራሱ የለም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ ቢደነግግም ያ ክፍል ሥራ ላይ ሳይውል ቆየ። ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት በአገር አቀፍ ደረጃ መመዝገብ የጀመረው በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ሐምሌ 30 ቀን 2008 ነው። በ1920ዎቹ የተወለዱ አያትን የልደት ምዝገባ ኢንተርኔት ላይ መፈለግ ያልተዘራ ማሳ ለማጨድ መውጣት ነው።

መፍትሄው ሰውየውን ለጊዜው ትቶ፣ ስሙ ሊጻፍበት ይችል የነበረውን ነገር መፈለግ ነው፦ ቀየውን፣ ደብሩን፣ መሬቱን።

ከቀየው ይጀምሩ። ስዊድን ኡፕሳላ የሚገኘው የኖርዲክ አፍሪካ ተቋም፣ በርንሃርድ ሊንዳል የሰበሰቡትን የኢትዮጵያ ቦታዎች ታሪክ በፊደል ተራ በፒዲኤፍ በነፃ አስቀምጧል። መንገደኞችና ሚሲዮናውያን ስለ አንድ መንደር የጻፉትን ቁርጥራጭ እዚያ ያገኛሉ። ሲፈልጉ የዛሬውን ዞን ይርሱት፤ የድሮው ሰው የሚያውቀው ጎጃምን ነው፤ ዓባይን ተሻግረው ያሉትን ደራንና ፎገራን ደግሞ በበጌምድር ሥር ይፈልጓቸው። ቀጥሎ የአዲስ አበባና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች የመመረቂያ ጽሑፎች የሚቀመጡባቸው ነፃ ገጾች አሉ። የወረዳዎን ስም ከ«ታሪክ» ጋር በእንግሊዝኛ ያስገቡ። ጽሑፉን ሙሉ ማንበብ ግድ አይደለም፤ መጨረሻ ገጹ ላይ ይሂዱ። የታሪክ ተማሪ ያነጋገራቸውን ሽማግሌዎች ስም፣ ዕድሜና ቀበሌ እዚያ ይዘረዝራል። የእርስዎን ቀየ ዘር የሚያውቀው ሰው ማን እንደሆነ ሌላ ሰው ደክሞበት አስቀምጦልዎታል።

መሬቱን በተመለከተ ጎጃሜ ዕድለኛ ነው። ርስት በአባትም በእናትም ይቆጠር ስለነበር፣ ድርሻ የሚጠይቅ ሰው መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው ከዋናው አባት ጀምሮ፣ ከእሱ በታች ባሉት በምንዝር አባቶቹ በኩል እስከ ራሱ ድረስ ቆጥሮ ማሳመን ነበረበት። መቁጠሩ ሙግት ነበር፤ በስህተት የሚቆጥር መሬት ያጣ ነበር። በ1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ነው ተብሎ ሲታወጅ መቁጠሩ ጥቅሙን አጣ። ያኔ ሃያ ዓመት የሞላው ሰው ዛሬ ሰባውን አልፏል። ስለዚህ ከማንኛውም ድረ ገጽ በፊት የስልክዎን ድምፅ መቅጃ ይክፈቱና እነዚህን ሰዎች ያስቆጥሯቸው። «ዘራችንን ንገሩኝ» ካሉ ተረት ይነገርዎታል፤ «ያ ከወንዙ ማዶ ያለው መሬት በማን በኩል ነበር የደረሰን?» ካሉ ግን ስም ይዘንባል። የእናትን ወገን አይዝለሉ። እኔ የአባቴን ቤት አራት ትውልድ ያገኘሁት በእናቱ እህት በኩል ነው።

«ስሙ ወጣ፤ ሰውዬው ግን ሌላ ነው»

እዚህ የሚያስተው ብዙ ጊዜ ፊደል ነው። በአማርኛ ሲፈልጉ ፀሐይን በጸ፣ ኃይሉን በሀ፣ ሥላሴን በሰ እየለዋወጡ ይሞክሩ፤ ኮምፒዩተሩ አንድ ድምፅ መሆናቸውን አያውቅም። በላቲን ፊደል ሲሆን ይብሳል። ተክለ ሃይማኖትን አንዱ በኢ፣ ሌላው በኤ፣ ጀርመኑ ደግሞ በላዩ ሁለት ነጥብ ባለው ኤ ይጽፈዋል። ጣሊያን ከሆነ ኬን ትቶ በሲ ወይም በሲ ኤች ይጽፋል።

ሌላው የስም ብዛት ነው። ሰው የቤት ስም አለው፣ የክርስትና ስም አለው፤ ከመነኮሰ ሌላ ስም ይጨምራል፤ ባላባት ከነበረ በፈረሱ ስም ይጠራል። የቤተ ክርስቲያን ጽሑፍ የሚያውቀው የክርስትናውን ነው። የአያትዎን የክርስትና ስም ልጆቻቸው ላያውቁት ይችላሉ፤ ዝክር አብረው የጠጡና የነፍስ አባታቸው ግን ያውቁታል። ተዝካር ላይ የተነሳውን ስም የሚያስታውስ ሰው ይፈልጉ።

«ዓመቱ አይገጥምም»

ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 በእኛና በፈረንጁ መካከል ያለው ልዩነት 7 ዓመት ነው፤ ከታኅሣሥ 23 እስከ ጳጉሜን 8 ይሆናል። ብዙ ሰው ዓመቱን ሙሉ 8 ይደምርና አንድ ዓመት ይስታል።

ዓመተ ምሕረት የማያውቁ ሽማግሌ ካጋጠምዎ ክስተት ይጠይቁ። ክፉ ቀን ከ1880 ጀምሮ ያሉት ዓመታት ናቸው፤ የኅዳር በሽታ 1911፣ በጌምድር ላይ ራስ ጉግሣ የወደቁበት የአንቺም ጦርነት 1922፣ የጣሊያን መግባት 1928፣ መውጣቱ 1933። በዘመነ ወንጌላዊ የሚናገሩም አሉ። ለዚህ 5500 ይደምሩና ለአራት ያካፍሉ፤ ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ ነው። እምዬ «የተወለድኩት ጣሊያን ሊገባ ሲል በሉቃስ ነው» ትል ነበር። 1927ን 5500 ስንደምርበት 7427 ይሆናል፤ ለአራት ሲካፈል 3 ይቀራል፤ ሉቃስ። የቀደመው ሉቃስ 1923 ስለሆነ «ሊገባ ሲል» የሚለው 1927ን አጸደቀልኝ። መታወቂያዋ ላይ የነበረው 1935 ነው፤ ማን እንደገመተላት እግዜር ይወቅ።

ቀኑም ይገኛል። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ይነሳሉ። አንዲት እናት «የተነሳሁት ለየካቲት ኪዳነ ምሕረት ነው» ካሉ ከየካቲት 16 ሰማንያ ቀን ወደ ኋላ ይቁጠሩ፤ ኅዳር 26 ወይም 27 ላይ ይደርሳሉ።

«ነፃ ነው ብሎኝ ካርድ ጠየቀኝ»

የንግድ ድረ ገጾች «ነፃ ሙከራ» የሚሉት ከጥቂት ቀን በኋላ መክፈል የሚጀምሩበትን ነው። እኔም አንድ ጊዜ ውጭ ያለች የአጎቴን ልጅ ካርድ ቁጥር አስገብቼ ሁለት ወር ሙሉ ተቆርጦባታል፤ እስካሁን ታነሳብኛለች። የእኛ አገር መዝገብ እዚያ እንዳለ ሳያጣሩ ካርድ ባይነኩ ይሻላል።

ያለ ካርድ የሚሠራው ትልቁ ፋሚሊሰርች ነው፤ በሞርሞን ቤተ ክርስቲያን የሚተዳደር ሲሆን አካውንት ለመክፈት ኢሜይል ይበቃል። የሰበሰቡትን ስም ማስቀመጫ አድርገው ይጠቀሙበት። ያረጁ የጉዞ መጻሕፍትና ካርታዎች ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ በነፃ ይነበባሉ።

«ምስሉ አይከፈትም»

ፋሚሊሰርች ላይ የካሜራው ምልክት ቁልፍ ካለበት የተበላሸ ነገር የለም፤ ምስሉን ከቤት ሆነው እንዳያዩ የመዝገቡ ባለቤት ከልክሏል። ቁልፍ ሳይኖርበት ነጭ ገጽ ከሆነብዎት ግን ኔትወርኩ ነው። የብራና ምስል ከባድ ነው፤ ሌሊት ይሞክሩት።

«ብራናው ተከፈተ፤ ማንበብ ግን አልቻልኩም»

ይኼኛው ደስ የሚል ችግር ነው፤ እዚህ የደረሰ ሰው ጥቂት ነው።

መጀመሪያ የት እንዳለ። አሜሪካ ሚኒሶታ ያለው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት፣ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሱ 9,000 ገደማ የኢትዮጵያ ብራናዎችን ይዟል፤ የጣና ቂርቆስ ጭምር አለበት። በነፃ ተመዝግበው የኢንተርኔት ንባብ ክፍሉ ላይ ያያሉ። የፓሪሱ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ተጓዡ አንቷን ዳባዲ የሰበሰባቸውን ብራናዎች ጋሊካ በሚባለው ገጹ ላይ አውጥቷል። በ1968 እ.ኤ.አ. ኤርንስት ሐመርሽሚት የጣና ገዳማትን፣ ክብራን ገብርኤልን ጨምሮ፣ ብራናዎች በፊልም አንስቶ ነበር፤ መግለጫቸው በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲው «ቤተ መጻሕፍት» የተባለ ነፃ ዳታቤዝ ውስጥ አለ። ጎግል ላይ «ቤተ መጻሕፍት» ብቻ ብለው ቢጽፉ የሰፈርዎ ቤተ መጻሕፍት ይመጣል፤ «ሐምቡርግ» ጨምሩበት ያለኝ አንድ ተማሪ ነው።

አሁን ወደ ንባቡ። ዋናውን ጽሑፍ ይተዉት፤ ዳዊቱን ሁሉም ያውቀዋል። የሰው ስም ያለው በኅዳጉ፣ በባዶ ገጾቹና በመጨረሻው ቅጠል ላይ ነው። የመሬት ስጦታ፣ የሽያጭ ውል፣ የምስክሮች ስም ወንጌሉ ላይ ይጻፍ ነበር፤ ወንጌል ላይ የተጻፈን ማንም አይክድምና። ግዕዝ ባያውቁም ሁለት ቃል ይበቃዎታል፦ «ለገብርከ» ካለ ቀጥሎ የወንድ ስም፣ «ለአመትከ» ካለ የሴት ስም ይመጣል። «ዝንቱ መጽሐፍ ዘ...» ካለ የባለቤቱ ነው።

እኔ ያገኘሁት አንድ ገጽ ላይ ከ«ለገብርከ» ቀጥሎ ያለው ስም በደማቅ ቀለም፣ በተለየ እጅ ተጽፏል። ስልኬን ይዤ ባሕር ዳር ጊዮርጊስ ግቢ ዛፍ ሥር ለተቀመጡ አንድ መሪጌታ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፣ በጣታቸው አሰፉት፣ ከዚያ ሳቁ። «ተፍቋል እኮ። ይኸውልህ ብራናው ሻክሯል። የፊተኛውን ፍቆ የራሱን ጻፈ።» ዝቅ ብለው ደግሞ የገጹን ግርጌ አነበቡልኝ፦ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ...» የሰረቀውና የፋቀው የተወገዘ ይሁን የሚለው። ፋቂው ግዝቱን እንዳለ ትቶት ነው ስሙን የለወጠው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ስም አግኝቻለሁ ብለው ከመጻፍዎ በፊት ቀለሙንና እጁን ያመሳክሩ።

ለአንባቢው ሲያሳዩ ምስሉን ቀድመው አውርደው፣ ገጹን ለብቻ ቆርጠው ይሂዱ። ቅዳሴ ሲወጣ ወይም ሰንበቴ ላይ ግን መሪጌታን አይረብሹ።

«አያታችን ጣሊያን ነበር ይባላል»

የወረራው ዘመን የተወው ልጅ በከተማችን አለ፤ ቤተሰቡ ስለማያነሳው ፍለጋው በሹክሹክታ ነው። እዚህ ላይ ግን የቤተሰብ ስምም መዝገብም አለ። የጣሊያን መንግሥት ቤተ መዛግብት አንቴናቲ በሚባል ነፃ ገጽ የልደት መዝገቦችን ያሳያል። ያለ ከተማው ስም ግን ማግኘት ይከብዳል፤ ስለዚህ በአማርኛ አፍ የቀረውን ስም ይዘው ከመሄድ በፊት የጣቢያውን፣ የሙያውን፣ ያገር ቤቱን ወሬ ይልቀሙ። ሉቼ የተባለው የጣሊያን የፊልም ተቋም የፊልምና የፎቶ ክምችትም በነፃ ይታያል፤ ሰውዬውን ባያገኙበት እንኳ የዘመኑን ሁኔታ ያያሉ።

«ዘሬ ንጉሥ ሰሎሞን ጋ ደረሰ»

እንኳን ደስ ያለዎት፤ ግን ምክንያቱ ፋሚሊሰርች ላይ ያለው ዛፍ የሁሉም የጋራ መሆኑ ነው። ማንም ገብቶ ይጨምራል፣ ያገናኛል። አንድ ሰው ቅድመ አያትዎን በስም ብቻ ከአንድ ራስ ጋር ካጣበቀው፣ ከራሱ በላይ ያለው የነገሥታት ሐረግ ሁሉ አብሮ ይመጣል። ከእርስዎ ወደ ላይ አንድ በአንድ ይውጡና «ይህን ማን ነገረኝ?» ብለው ይጠይቁ። መልስ የሌለው መገጣጠሚያ ላይ ያላቁት፤ ምክንያቱንም እዚያው ይጻፉበት፣ አለዚያ በሳምንቱ መልሰው ያጣብቁታል። በሕይወት ያሉ ሰዎችን እዚያ እንደ ሞቱ አድርገው አይመዝግቡ፤ ገጹ የሚደብቀው በሕይወት ያለውን ብቻ ነው። እኔ የሽማግሌዎቹን ቃል ከነተናጋሪው ስምና ቀን በደብተር ጽፌ፣ የገጾቹን ፎቶ ለሦስት ዘመዶች በቴሌግራም ልኬያለሁ። ስልኬ ጣና ውስጥ የወደቀ ጊዜ የተረፈኝ እሱ ነው።