የአቦሪጂናሎችን የመሬትና የባሕር አያያዝ በማስተርስ መማር፦ ከየት ይጀመራል?

አውስትራሊያ ውስጥ አቦሪጂናሎች (የአገሩ ነባር ሕዝቦች) መሬታቸውንና ባሕራቸውን እንዴት እንደሚይዙ በማስተርስ ስማር አንድ ሙሉ ሴሚስተር በከንቱ አልፎብኛል። ስንፍና አልነበረም፤ ችኮላ ነው። በዚሁ መንገድ ለመግባት ለምታስቡ ይጠቅም እንደሆነ ልጻፈው።

መጀመሪያ ዲግሪውን ምረጡ። በኮርስ ብቻ የሚያልቅ አለ፣ በጥናት የሚሠራም አለ። ግራጁዌት ሰርተፊኬት ስድስት ወር ገደማ ነው፤ ግራጁዌት ዲፕሎማ አንድ ዓመት፤ ማስተርስ እስከ ሁለት ዓመት ይሄዳል። የትምህርቱን ስም ቃል በቃል አትፈልጉ፤ "የአካባቢ አስተዳደር" በሚል ስም ውስጥ ተሸጉጦ ልታገኙት ትችላላችሁ። እኔን ብትጠይቁኝ ሰሜኑ ይሻላል፦ ዳርዊን ከተማ ያለው ቻርልስ ዳርዊን ዩኒቨርሲቲ፣ ወይም ታውንስቪልና ኬርንስ ያለው ጄምስ ኩክ ዩኒቨርሲቲ። ሜልበርን ሐበሻ ይበዛል፣ እንጀራም አይጠፋም። ግን ለመስክ ቅርብ መሆን ይበልጣል። የእንግሊዝኛ ፈተናውና ቪዛው እንደማንኛውም ትምህርት ነው።

ቀጥሎ ሕጉን አንብቡ። እኔ ከባዮሎጂ ስለመጣሁ ሕግ ምን ያደርግልኛል ብዬ ነበር። ማንን ማስፈቀድ እንዳለባችሁ የሚነግራችሁ እሱ ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።) ለሰሜን ቴሪቶሪ፣ ማለትም ዳርዊን ላለችበት ክልል፣ የ1976ቱ የአቦሪጂናል የመሬት መብት ሕግ አለ። በ1992 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሰጠው የማቦ ፍርድ "ነጮቹ ሲመጡ አገሩ ባለቤት አልነበረውም" የሚለውን አፈረሰው፤ በዓመቱ የነቲቭ ታይትል (የነባሮቹ በልማዳቸው የያዙት የመሬት መብት) ሕግ ወጣ። ባሕሩን የሚነካው የዚያው ፍርድ ቤት የ2008ቱ የብሉ መድ ቤይ ውሳኔ ነው። ከሰሜን ቴሪቶሪ ጠረፍ 80 ከመቶ ገደማ በሚሆነው ላይ፣ ውኃ ሲሞላ የሚሸፈነው ሲሸሽ የሚገለጠው ዳርቻ የአቦሪጂናሎቹ ነው። እዚያ ዓሣ ለማስገር እንኳ የእነሱ ፈቃድ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ እንምጣ፤ የጥናት ጥያቄው።

እኔ ፕሮፖዛሌን ቤቴ ቁጭ ብዬ ጨረስኩት። የባሕር ኤሊ እንቁላል ቆጠራ፣ በሠንጠረዥ፣ በጂፒኤስ፣ ያማረ ነገር። አማካሪዬ ወደደው። ከዚያ በኋላ ነው ለሬንጀሮቹ የላክሁት። ሬንጀር የምላችሁ መሬታቸውንና ባሕራቸውን እየጠበቁ ደመወዝ የሚከፈላቸውን የአገሩን ልጆች ነው። ለሳምንታት መልስ የለም። ስደውል "በስብሰባ እናየዋለን" ተባልኩ። ሌላ ወር አለፈ። በመጨረሻ ራሴ ሄድኩ።

ዛፍ ሥር ተቀመጥን፣ ሻይ ተፈላ። ሃያ ደቂቃ አስረዳሁ። አንዲት ባልቴት እስክጨርስ ዝም ብለው ሰሙኝና ወደ ደብተሬ እየጠቆሙ፣ "ስትጨርስ ይሄ የት ነው የሚቀመጠው?" አሉኝ። "ዩኒቨርሲቲው ጋ" አልኳቸው። ዝም አሉ። ሌላውም ሰው ዝም አለ።

ኤሊውንማ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል። ያስጨነቃቸው ጎሽ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከእስያ የመጣ ጎሽ ነው፤ ረግረጉን እየረገጠ ውኃውን ያደፈርሰዋል። ስለሱ የጠየቃቸው አልነበረም። መንዝ ውስጥ፣ ጓሳ ላይ ሣሩ ለዓመታት ተከልሎ ይቆይና ሲፈቀድ ብቻ ይታጨድ ነበር። አንድ እንግዳ መጥቶ፣ ማንንም ሳያናግር፣ የሣሩን ቁመት ለክቶ ቢሄድ የመንዝ ሰው ምን ይለው ነበር?

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። አማካሪ ስትመርጡ ያሳተመውን አትቁጠሩ፤ ከሬንጀሮቹ ጋር ስንት ዓመት ሠራ ብላችሁ ጠይቁ። በእሱ በኩል ተዋወቁ። ባዶ እጃችሁን ሂዱና ምን እንዳሳሰባቸው ጠይቁ። በመጀመሪያው ቀን የምትሰሙት ለእንግዳ የሚባለውን ነው፤ ደግማችሁ ሂዱ። ዝምታን እንደ እሺታ አትቁጠሩ። ከዚያ ጥያቄውን ጽፋችሁ መልሳችሁ አሳዩአቸው። መረጃው የማን እንደሚሆን፣ ምን እንደማይታተም በጽሑፍ ተስማሙ። ለሴቶች ብቻ ወይም ለወንዶች ብቻ የሚነገር ነገር አለ፤ ካርታ ላይ የማይወጣም ቦታ አለ።

የኤቲክስ ማመልከቻውን በካንቤራው አያትሲስ (የነባር ሕዝቦች ጥናት ብሔራዊ ተቋም) የ2020 የምርምር ሥነ ምግባር ደንብ መሠረት ሙሉ። የኔ አራት ወር ፈጅቷል። ወደ መሬታቸው የመግቢያ ፈቃዱን የአቦሪጂናሎቹን መሬት ጉዳይ ከሚይዘው አካል፣ ከላንድ ካውንስሉ፣ ጎን ለጎን ጠይቁ፤ አንዱ እስኪያልቅ ሌላውን አታቆዩ።

መቼ ልሂድ? ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ባለው ዝናብ መንገዱ ይቆረጣል። በጋው እንደገባ ደግሞ ሬንጀሮቹ እሳት ላይ ናቸው። በሰሜን ቴሪቶሪው ምዕራብ አርነም ላንድ ከ2006 ጀምሮ 28,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ፣ ሣሩ እርጥበት እያለው ትንንሽ እሳት ይለኩሳሉ፤ የኋለኛው ትልቅ ቃጠሎ እንዳይመጣ ነው። አብራችሁ ካልወጣችሁ በዚያ ሰሞን ቃለ መጠይቅ አታስቡ። ሰው ከሞተም ሥራ ይቆማል፤ ለቅሶ ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። የሟች ስምና ፎቶ በጽሑፋችሁ ካለ ቤተሰቡን ሳትጠይቁ እዚያው አትተዉት።

በጀት ስታቀርቡ የመጨረሻውን ጉዞ አትርሱ፤ ቴሲሱ ከመግባቱ በፊት ውጤቱን ወስዳችሁ የምታነቡበትን። እኔ የጎሹን መረጃ በሃርድ ዲስክ ይዤ ተመለስኩ። ባልቴቷ የሬንጀሮቹን ቢሮ መሳቢያ ሳቡና "እዚህ" አሉኝ።