«ከአቅም በላይ ሆነብኝ» ለማለት የሚፈልግ ተዋዋይ ሊያደርገው የሚገባ

በአዳማ የሚፈረሙ ውሎች፣ የአዳራሽ ኪራይም ይሁኑ የሽንኩርት ሽያጭ፣ የቤት ግንባታም ይሁኑ የጭነት ማጓጓዣ፣ ብዙ ጊዜ ወደ መጨረሻቸው አካባቢ «ከአቅም በላይ የሆነ ችግር ካላጋጠመ በስተቀር» የምትል ሐረግ አትጠፋቸውም። ሐረጓ ከአንዱ ውል ወደ ሌላው እየተገለበጠች የምትሄድ በመሆኗ በፊርማው ዕለት ቆም ብሎ የሚያነባት ሰው ጥቂት ነው፤ ችግር የመጣ ዕለት ግን አንደኛው ወገን ሙሉ ተስፋውን ይጥልባታል፣ ሌላኛው ደግሞ ሰበብ ናት ይላል። የጠቡ ምንጭ አብዛኛውን ጊዜ ቃሉ ራሱ ነው። በዕለት ንግግራችን «ከአቅሜ በላይ ሆነ» የምንለው ዋጋ ሲወደድብንም፣ ሥራ ሲበዛብንም፣ ቀኑ ሲያጥርብንም ነው፤ ሕጉ ግን ቃሉን የሚጠቀምበት እጅግ ጠባብ በሆነ ትርጉም ስለሆነ፣ ግዴታውን መወጣት ያቃተው ተዋዋይ በቅድሚያ መለየት ያለበት የእርሱ ችግር በየትኛው ትርጉም «ከአቅም በላይ» እንደሆነ ነው።

ሕጉ የሚጠይቀው

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አነሳሱ ጥብቅ ነው። በአንቀጽ 1731 መሠረት በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል ባቋቋሙት ሰዎች ላይ እንደ ሕግ ያስገድዳል፤ በአንቀጽ 1791 መሠረት ደግሞ ግዴታውን ያልፈጸመ ሰው ምንም ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ኪሳራ (የጉዳት ካሣ) የመክፈል ኃላፊነት አለበት፣ ከዚህም የሚድነው ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል እንዳገደው ሲያስረዳ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የማስረዳቱ ሸክም የማን እንደሆነ ነው። ሌላኛው ወገን ውሉን አሳይቶ «አልተፈጸመልኝም» ካለ፣ ምክንያቱን በማስረጃ አስደግፎ ማቅረብ የባለዕዳው፣ ማለትም ግዴታውን መፈጸም የነበረበት ሰው፣ ሥራ ነው።

አንቀጽ 1792 ሁለት መለኪያዎችን ያስቀምጣል፤ ሁለቱም በአንድነት መሟላት አለባቸው። የመጀመሪያው፣ ክስተቱ ባለዕዳው እንደ ወትሮው ሁኔታ አስቀድሞ ሊገምተው የማይችለው መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ክስተቱ ግዴታውን እንዳይፈጽም ፍጹም የሚያግደው መሆኑ ነው፤ አፈጻጸሙን ይበልጥ ከባድ ወይም ወጪ የሚያበዛ ከማድረግ ያላለፈ ነገር በዚህ ስም አይጠራም። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ 1793 እንደ ሁኔታው ከአቅም በላይ ሊባሉ የሚችሉትን ይዘረዝራል፦ ባለዕዳው ኃላፊ የማይሆንለት የሌላ ሰው ያልታሰበ ድርጊት፣ ውሉ እንዳይፈጸም የሚከለክል የመንግሥት እገዳ፣ እንደ ምድር መናወጥ፣ መብረቅና ጎርፍ ያለ የተፈጥሮ አደጋ፣ ጦርነት፣ እንዲሁም የባለዕዳው ሞት ወይም ከባድ አደጋ ወይም ድንገተኛ ጽኑ ሕመም ናቸው። አንቀጽ 1794 ደግሞ በተቃራኒው ተዋዋዮቹ በግልጽ ሌላ ነገር ካልተስማሙ በቀር ከአቅም በላይ የማይባሉትን ያስቀምጣል፤ እነዚህም በድርጅቱ ወይም በዘርፉ የተነሣ የሥራ ማቆም አድማ፣ የጥሬ ዕቃ ዋጋ መጨመር ወይም መቀነስ፣ የባለዕዳውን ግዴታ የሚያከብድ አዲስ ሕግ መውጣት ናቸው።

ከልምድ የማየው ስሕተት፣ ሰዎች 1793ን አንብበው እዚያው መቆማቸው ነው። «ጎርፍ በሕጉ ተጽፏል፣ እኔንም ጎርፍ መታኝ» ብሎ መደምደም አይቻልም፤ ዝርዝሩ የ1792ን መለኪያ አይሽረውም።

መለኪያውን በራስ ውል ላይ መሞከር

አንድ ገበሬ በወንጂ አካባቢ፣ በአዋሽ ዳር ባለው መሬቱ ላይ ሽንኩርት አምርቶ በመስከረም ወር 200 ኩንታል ለአዳማ ነጋዴ ሊያስረክብ ተዋዋለ እንበል። በነሐሴ አዋሽ ሞልቶ ማሳውን አጥለቀለቀው። እዚህ ላይ ሊጠየቁ የሚገባቸው ጥያቄዎች ከሚመስለው በላይ ናቸው። በመጀመሪያ፣ አዋሽ በክረምት እንደሚሞላ፣ ከቆቃ ግድብም ውኃ ሊለቀቅ እንደሚችል በዚያ አካባቢ የሚያርስ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ስለዚህ ክርክሩ «ጎርፍ መጣ» በሚለው ሳይሆን «በዚህ ማሳ ላይ፣ በዚህ መጠን የመጣ ጎርፍ ቀድሞ ያልታየ ነው» በሚለው ላይ መቆም ይኖርበታል። ጎርፉ በየሁለትና ሦስት ዓመቱ የሚጎበኘው ማሳ ከሆነ ገበሬው የመጀመሪያውን መለኪያ ማለፍ ይከብደዋል። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ውሉ ሽንኩርቱን እንዴት እንደገለጸው ነው። ውሉ «200 ኩንታል ቀይ ሽንኩርት» ብቻ ካለ፣ ሽንኩርት በመቂም በዝዋይም ገበያ ላይ ስለሚገኝ ገበሬው ከሌላ ገዝቶ ሊያስረክብ ይችላል፤ በዋጋ ልዩነቱ ይጎዳል እንጂ አልታገደም። ውሉ «በዚህና በዚህ አዋሳኝ ከሚታወቀው ማሳ የሚሰበሰበውን» ብሎ ከሆነ ግን ያ ምርት ከጠፋ በምንም ሊተካ አይችልም። አንድ ሐረግ እንዲህ ያለ ልዩነት ስለምታመጣ፣ አምራች የሆነ ሰው ምርቱ ከየት እንደሚመጣ በውሉ እንዲጻፍ ቢያስገድድ ይበጀዋል፤ ገዢ የሆነ ሰው ደግሞ በተቃራኒው ዝም ቢል ይሻለዋል። ምርቱ በከፊል ተርፎ ከሆነ የተረፈውን ማስረከብ ይጠበቃል፤ ግማሹ ስለጠፋ ሁሉንም መተው አይቻልም።

«አስቀድሞ መገመት» የሚለካው ውሉ በተፈረመበት ቀን በነበረው ዕውቀት ነው። በ2017 ዓ.ም. ከመስከረም ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተደጋገመውን የመሬት መንቀጥቀጥ አዳማ ላይ ያልሰማው የለም፤ በታኅሣሥ መጨረሻ ብርቱ ሆኖ ሰዎችን ከቤታቸው አፈናቅሏል። ከዚያ ሁሉ በፊት፣ በ2016 መጋዘን ሊሠራ የተዋዋለ ተቋራጭና በጥር 2017 ነዋሪዎች ቀያቸውን ሲለቅቁ እያየ የፈረመ ተቋራጭ ግድግዳው ቢሰነጠቅ እኩል አይከራከሩም፤ ሁለተኛው አደጋውን ዓይኑ እያየ የገባበት ነው።

በመጋቢት 30 ቀን 2012 የታወጀውና በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ስብሰባዎችን የከለከለው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም እንዲሁ ነው። አዳማ የስብሰባና የሥልጠና ከተማ ስለሆነች ነገሩ እዚህ ብዙዎችን ነክቷል። በጥር ወር ለሚያዝያ የአዳራሽ ኪራይ የተዋዋሉ ሆቴልና ደንበኛ በግልጽ የመንግሥት እገዳ ደርሶባቸዋል፤ ሆቴሉ አዳራሹን ለተባለው ዓላማ ማቅረብ አይችልም፣ ደንበኛውም ሰው መሰብሰብ አይችልም። ክልከላው ጸንቶ እያለ ለቀጣዩ ወር የተዋዋለ ሰው ግን አላወቅሁም ማለት አይችልም። ደግሞም እገዳው በተዋዋዩ ጥፋት የመጣ መሆን የለበትም፤ ግብሩን ባለመክፈሉ ፈቃዱ የታገደ ነጋዴ «መንግሥት ከለከለኝ» ቢል የሚሰማው ዳኛ አይኖርም።

ብዙ ተዋዋይ የሚወድቀው ግን በዋጋ ጉዳይ ነው። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ፤ ከውጭ የሚመጣ ሊፍት፣ ጄኔሬተር ወይም መኪና በብር ዋጋ ቆርጦ ለማቅረብ የፈረመ ሁሉ ደነገጠ። የሰው ልብ ያዝንለታል፤ ሆኖም አንቀጽ 1764 የአፈጻጸሙ ሁኔታ ተለውጦ የአንዱ ግዴታ ካሰበው በላይ ቢከብድም ውሉ እንደጸና ይቀጥላል ይላል። ፍርድ ቤት ሊገባበት የሚችለው በተለየ ሁኔታ ነው፤ ለምሳሌ በተዋዋዮቹ መካከል በመተማመንና በርትዕ እንዲተያዩ የሚያስገድድ የቤተሰብ ወይም የተለየ ግንኙነት ሲኖር አንቀጽ 1766 መንገድ ይከፍታል። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር የተደረገ የአስተዳደር ውል የራሱ ድንጋጌዎች ስላሉት የእርሱ ባለቤቶች ከአንቀጽ 3183 ጀምሮ ያለውን ያንብቡ። ሌላው ሰው ግን ዋጋ ጨመረ ብሎ ከመቅረት ይልቅ ተዋዋዩን ቀርቦ የዋጋ ማስተካከያ ቢጠይቅ ይሻለዋል፣ ምክንያቱም ውልን ለማሻሻል የሁለቱ ስምምነት በቂ ነው። «ገንዘብ አጣሁ» የሚለው ደግሞ ከነጭራሹ መነሣት የለበትም፤ ኪራይ ወይም ብድር መክፈል ያለበት ሰው ገቢው ስለቆመ ብቻ ነጻ አይወጣም።

በችግሩ ሰሞን

ችግሩ እውነተኛ እንደሆነ ያመነ ሰው ዝም ብሎ መቀመጥ የለበትም። ውሉ የማስታወቂያ ቀን ከወሰነ፣ ለምሳሌ «በ7 ቀን ውስጥ በጽሑፍ» ካለ፣ ያ ቀን ሳያልፍ ደብዳቤው መድረስ አለበት፤ ቀን ባይወሰንም እንቅፋቱ እንደታወቀ ወዲያውኑ ማሳወቅ ተገቢ ነው፣ ሌላኛው ወገን ቀድሞ ቢያውቅ ሊያስቀረው ይችል በነበረው ጉዳት እርስዎ ተጠያቂ እንዳይሆኑ። ስልክ መደወል ጥሩ ነው፤ የሚያስረዳ ግን ወረቀት ነው። ደብዳቤውን በፖስታ ቤት በአደራ መላክ፣ ወይም በእጅ ሲሰጥ ቅጂው ላይ ማስፈረም ያስፈልጋል። በቴሌግራም የተላከውንም አያጥፉት።

ደብዳቤው አጭር ይሁን፣ ልመናም ቁጣም አይኑርበት፦ «በቀን … በተዋዋልነው የሽያጭ ውል መሠረት በቀን … ላስረክብ የነበረውን 200 ኩንታል ሽንኩርት፣ በቀን … በማሳዬ ላይ በደረሰው ጎርፍ ምክንያት ማስረከብ እንዳልቻልሁ አሳውቃለሁ። ከጎርፉ የተረፈውን 40 ኩንታል በተባለው ቀን ለማስረከብ ዝግጁ ነኝ። የቀበሌውን ማስረጃ አያይዣለሁ።» የተደረገውን ጥረትና የቀረውን አቅርቦት መግለጽ ከተማጽኖ ይልቅ ዋጋ አለው።

ማስረጃውን ትኩስ ሳለ መሰብሰብ ያስፈልጋል። ለጎርፍ ከቀበሌና ከወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት የጽሑፍ ማረጋገጫ፣ ቀን ያለው ፎቶግራፍ፣ የዝናቡን መጠን የሚያሳይ የሚቲዎሮሎጂ መረጃ፤ ለመንገድ አደጋ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት፤ ለሕመም የሐኪም ማስረጃ፤ ለእገዳ የደብዳቤው ወይም የአዋጁ ቅጂ ይጠቅማሉ። አንድ ነገር ግን አይዘንጋ፦ ማስረጃው ክስተቱ መድረሱን ብቻ ሳይሆን እርስዎን በዚያ ቀን፣ በዚያ ሥራ ላይ እንዳገደ ማሳየት አለበት። የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ለግማሽ ቀን ተዘግቶ ቢሆን፣ ጭነቱ በአሮጌው መንገድ በሞጆ በኩል ሊያልፍ ይችል እንደነበር የሚያነሣ ጠበቃ አይጠፋም። ቀድሞውኑ የማስረከቢያ ቀኑ አልፎበት የነበረ ሰውም «በቀኑ ፈጽመህ ቢሆን ኖሮ ችግሩ ባላገኘህ» መባሉን ይጠብቅ። ክርክሩ ወደ ኦሮሚያ ፍርድ ቤት የሚሄድ ከሆነ የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ስለሆነ፣ በአማርኛ የተጻፉትን ውልና ደብዳቤዎች ማስተርጎም እንደሚኖር አስቀድሞ ማሰብ ጊዜ ያተርፋል።

ከዚያ በኋላ የውሉ ዕጣ

እንቅፋቱ ጊዜያዊ ከሆነ ግዴታው ይዘገያል እንጂ አይጠፋም፤ መንገዱ ሲከፈት ጭነቱ ይሄዳል። አፈጻጸሙ የማይቻል ከሆነ ወይም የውሉን መሠረት እስኪነካ ድረስ ከተሰናከለ፣ አንቀጽ 1788 ሌላኛው ወገን ውሉን እንዲሰርዝ ይፈቅድለታል። ውሉ ሲሰረዝ ደግሞ በአንቀጽ 1815 መሠረት ተዋዋዮቹ በተቻለ መጠን ከውሉ በፊት ወደነበሩበት ይመለሳሉ። ከኪሳራ መዳን ማለት የተቀበሉትን ማስቀረት ማለት እንዳልሆነ ብዙ ሰው አይረዳውም፤ አዳራሹን ያላቀረበ ሆቴል ኪሳራ ባይከፍልም ቅድሚያ ክፍያውን ይዞ ሊቀር አይገባም። ስለ ቀብድ በአንቀጽ 1885 የተጻፈው፣ ሰጪው ቀብዱን ያጣል፣ ተቀባዩ እጥፍ ይመልሳል የሚለው፣ በገዛ ፈቃዱ ውሉን ለሚተው ሰው የተደነገገ ስለሆነ፣ ፍጹም የታገደን ሰው በዚሁ ሚዛን ለመመዘን የሚሞክር ካለ ልዩነቱን ማስረዳት ያስፈልጋል።

የሚቀጥለው ውል

ሐረጓን ማስተካከል የሚቻለው ከችግሩ በፊት ነው። ሕጉ ለተዋዋዮች ሰፊ ነጻነት ሰጥቷል፤ በ1794 የተተውትን አድማና የዋጋ ለውጥ በግልጽ ስምምነት ማስገባት ይቻላል፣ በአንቀጽ 1886 መሠረት ደግሞ ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ቢያግድም ኃላፊ እሆናለሁ ብሎ መዋዋል ይፈቀዳል። የኋለኛው አደገኛ ስለሆነ፣ ትልቁ ወገን ባዘጋጀው ውል ውስጥ «በማናቸውም ምክንያት» የሚል ቃል ያየ ሰው ሳይጠይቅ አይፈርም።

በበኩሌ ከተለመደችው አንዲት መስመር ይልቅ እንዲህ ያለ አንቀጽ እመርጣለሁ፦ «ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል የገጠመው ወገን በ5 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ያሳውቃል፤ እንቅፋቱ ባለበት ጊዜ ግዴታው ይታገዳል፤ ከ60 ቀን በላይ ከቆየ ማናቸውም ወገን ውሉን ሊሰርዝ ይችላል፤ አገልግሎት ወይም ዕቃ ያልቀረበበት ቅድሚያ ክፍያ በ15 ቀን ውስጥ ይመለሳል፤ የሲሚንቶ ወይም የብረት ዋጋ ውሉ ከተፈረመበት ቀን ዋጋ ከመቶ 20 በላይ ከጨመረ ተዋዋዮቹ ዋጋውን በጽሑፍ ያሻሽላሉ።» ቁጥሮቹ እንደ ሥራው ይለዋወጣሉ፤ ለሽንኩርት 60 ቀን ዘላለም ነው፣ ለፎቅ ቤት ግን ምንም አይደለም። ማሻሻያ ሲደረግም ዋናው ውል በጽሑፍ ከሆነ ማሻሻያው በዚያው ዓይነት ፎርም፣ በተዋዋዮቹና በሁለት ምስክሮች ፊርማ ተዘጋጅቶ ከዋናው ጋር ይያያዝ።