ልጁ ሲጠፋ አባቱን አትሰሩ

ባለፈው ሳምንት ደብረ ብርሃን ሻይ እየጠጣሁ አንድ ወጣት መርማሪ አጠገቤ በስልክ ያወራል። «ልጁ ተሰውሯል። ችግር የለም፣ አባትየውን አምጥተነዋል፤ ራሱ ይመጣል» አለ። ሻዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ። ከፖሊስነት ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ። ሰሜን ሸዋን ከመንዝ እስከ ሸዋ ሮቢት ዞሬ ሠርቼባታለሁ፤ ይቺን ነገር ሳልሰማ ያለፍኩበት ዓመት ግን የለም። ስለዚህ ጀማሪ ፖሊሶች ደጋግመው የሚሠሩትን ስህተት ልጻፍ አልኩ። አንዳንዱን በሁለት መስመር አልፈዋለሁ። ይህን አላልፈውም።

የወንጀል ኃላፊነት የግል ነው። ወንድም ለወንድሙ፣ ሚስት ለባሏ አትታሰርም። ማሠልጠኛ ውስጥ ይህን ያልሰማ ፖሊስ የለም። ጣቢያ ሲመደብ ግን «ዘዴ» የሚባል ነገር ይማራል። ዘዴ አይደለም፣ መያዣ መያዝ ነው። ሰው መያዣ የሚይዘው ደግሞ ሽፍታ ነው።

እኔም አድርጌዋለሁ። መንዝ ውስጥ ስሠራ የበግ ስርቆት አቤቱታ መጣ። አሥራ አንድ በግ። የተጠረጠረው ወጣት ጠፋ። ማንም «አባቱን አምጣ» ብሎ አላዘዘኝም፤ በራሴ ነው ያመጣኋቸው። ሽማግሌው በርኖሳቸውን እንደ ደረቡ ገብተው ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። የእስረኛ መዝገቡን ገለጥኩ። ስም ሞላሁ። ዕድሜ ሞላሁ። ቀጥሎ «የተጠረጠረበት ወንጀል» የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። እሳቸውም እጄን ያያሉ። «ልጄ፣ እንግዲህ ምን ብለህ ልትጽፈኝ ነው?» አሉኝ። «ለጥያቄ የሚፈለግ» ብዬ ጻፍኩ። እንዲህ የሚባል ወንጀል የለም።

ሁለት ሌሊት አደሩ። የመንዝን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። በሦስተኛው ቀን ልጁ እጁን ሰጠ፤ እኛም ጎሽ ተባባልን። በጎቹን የነዳቸው ግን ሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ። ልጁ የሸሸው ዩኒፎርም ስላየ ብቻ ነበር።

በዓመቱ እዚያው ቀበሌ ሰው ተገደለ። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ከገበያ ሲመለስ። ያየ የለም። የጠየቅነው ሁሉ «እኔ እንጃ» አለን። አንድ ጎልማሳ ብቻ ጥግ ወስዶ፣ «ያየውን ሰው ብነግርህና ሰውዬው ቢጠፋብህ፣ ማንን ልታስር ነው?» አለኝ። ምን ልመልስለት? በየስብሰባው «ኅብረተሰቡ አይተባበረንም» እያላችሁ የምታማርሩ ልጆች፣ መጀመሪያ መዝገባችሁን ገልጣችሁ «ለጥያቄ የሚፈለግ» የሚል ስንት እንዳለ ቁጠሩ።

ጥፊ። ይህንንም ሁሉም አውቀዋለሁ ይላል። አንድ ጊዜ በአንድ በሬ ስርቆት ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች በሁለት ቦታ ተያዙ። ሁለቱም አምነው ፈረሙ። አንዱ ቆላ አውርጄ ሸጥኩት አለ። ሌላው ደጋ ላይ አርጄ በላሁት አለ። የተሸጠውና የተበላው በሬ በሳምንቱ ከጎረቤት ከብት ጋር ሲግጥ ተገኘ። ስቀናል ያኔ። ሁለቱ ሰዎች ግን አልሳቁም፤ የአንደኛው ጆሮ እስከ ዛሬ በደንብ አይሰማም ይባላል።

በጥንቱ ዘመን ሌባ ሻይ፣ ማለትም ሌባ ፈላጊ፣ የሚባል ነበር። ለአንድ ልጅ የሆነ ነገር ያጠጡታል፣ እየተንገዳገደ ይሄዳል፣ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። በጥፊ የወጣ ቃል ከዚህ በምን ይሻላል? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 በማስገደድ የተገኘ ቃል ማስረጃ አይሆንም ይላል። ስለዚህ ስትመቱት የሰበራችሁት የራሳችሁን መዝገብ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 424 ደግሞ የደበደበውን መርማሪ፣ ነገሩ ከባድ ከሆነ፣ እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያደርሰዋል። ያዘዘው አለቃ ቅጣቱ ይብሳል፤ እስከ 15 ዓመት። «ታዝዤ ነው» ብሎ ማምለጥ የለም።

የተያዘ ሰው ፍርድ ቤት መቅረብ ያለበት አርባ ስምንት ሰዓት የሚቆጠረው ሰውዬው ከተያዘ ጀምሮ ነው። መዝገብ ላይ ከሰፈረ ጀምሮ አይደለም። ዓርብ ማታ ይዞ ሰኞ ጠዋት «ዛሬ የተያዘ» ብሎ የሚጽፍ ልጅ አጋጥሞኛል። የያዘው ገበያ መሐል ነው፤ መንደሩ በሙሉ ምስክር ነው። ሕጉ ወደ ፍርድ ቤት ለመጓዝ የሚያስፈልገውን ጊዜ አይቆጥርም፤ ይህም እውነት ነው። ግን ጣቢያውና ፍርድ ቤቱ አንድ ከተማ ውስጥ ሆነው «መንገዱ ሩቅ ነው» የሚል መልስ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ከዚያ «ጊዜ ቀጠሮ» ይመጣል፤ ምርመራው እስኪያልቅ ሰውዬውን አስሮ ለማቆየት ከፍርድ ቤት የሚጠየቅ ቀን ነው። የ1954ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግ አንድ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም ይላል። ልጆቹ ይህን ጣሪያ እንደ መደበኛ ዋጋ ይቆጥሩታል። ሁልጊዜ 14። ምክንያቱም ሁልጊዜ አንድ ነው፦ የምስክር ቃል አልተቀበልንም፣ ግብረ አበር አልያዝንም። አንዲት ዳኛ አንዱን ልጅ፣ «ባለፈው 14 ቀን የስንት ምስክር ቃል ተቀበልክ?» አሉት። ዝም። «ስማቸውን ታውቃለህ?» ዝም። ዋስትና ፈቀዱ። ልጁ ከችሎት ወጥቶ ዳኛዋን ሲያማ አገኘሁትና አንድ ደረቅ ነገር ተናገርኩት። አሁን ጥሩ መርማሪ ሆኗል። የምስክሮቹን ዝርዝር ኪሱ ይዞ ነው ችሎት የሚገባው።

የቋንቋ ነገር። ሸዋ ሮቢት የገበያ ቀን ቁሙና አዳምጡ። አማርኛ አለ፣ ኦሮምኛ አለ፣ አርጎብኛ አለ፣ አፋርኛ አለ። የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል። መናገር እንደማይገደድና የተናገረው ማስረጃ ሊሆንበት እንደሚችልም እንዲሁ። «ትንሽ ትንሽ አማርኛ ይሰማል» አይበቃም። ሰው በትንሽ አማርኛ ሽንኩርት ይገዛል እንጂ ስለ ነፍሱ አይከራከርም። አንድ አፋር ግመል ነጂ በስድብና በድብደባ ተከሶ ቃሉን ሲሰጥ አስተርጓሚው ጎበዝ ነበር፣ ፈጣን ነበር። ቃሉን ከተቀበልን በኋላ ነው የከሳሹ አማች መሆኑን ያወቅነው። ያን ቀን ተረኛው መርማሪ እኔ ነበርኩ። ወረቀቱን ቀድጄ እንደ ገና ጀመርኩ። መቅደድም ስህተት ነው፤ የተጻፈ ቃል አይቀደድም፣ መዝገቡ ላይ ይያያዛል። ያኔ ይህን አላውቅም ነበር።

ብርበራ በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ነው። ፍርድ ቤቱ ሌላ ሰዓት ካልፈቀደ ደግሞ ከጠዋቱ 12 እስከ ማታ 12 ነው። የያዛችሁትን ዕቃ እዚያው ታዛቢ ፊት ቆጥራችሁ አስፈርሙ። ኤግዚቢት፣ ማለትም ለማስረጃ የሚያዝ ዕቃ፣ ያልሆነውን አትንኩ። አንድ ገበሬ ጠመንጃው ሲወሰድ ምንም አላለም። የማር ገንቦው ጎድሎ ሲያገኘው ግን እስከ ዞን ድረስ ሄዶ ከሰሰን። በሕግ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ሕግ የሄደች ጭብጦዬ የሚል አገር ውስጥ ነው ያላችሁት፤ ማሩን ማን እንደቀመሰው ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ተደፈርኩ ብላ የመጣችን ልጅ ባንኮኒው ላይ፣ ሰው በሰማበት፣ «ምን ልታደርጊ ሄድሽ?» አትበሏት። መጀመሪያ ወደ ሐኪም። ሴት ባልደረባ ካለች ቃሏን እሷ ትቀበል። ሽማግሌዎች መጥተው «ልጃችን ያገባታል፣ ነገሩ ይብረድ» ሲሉ ቡና አፍልታችሁ የምታስታርቁትን ምን እንደምላችሁ አላውቅም። ሽምግልና የድንበር ጠብ ያበርዳል፤ አከብረዋለሁ። መደፈር የድንበር ጠብ አይደለም።

ፎቶ። «ሌባው በቁጥጥር ስር ዋለ» ብላችሁ ካቴና ያጠለቀ ሰው ፌስቡክ ላይ ትለጥፋላችሁ። ፍርድ ቤት ነፃ ሲለው ማን ይለጥፍለታል? በዚያ ላይ ምስክሩ ፎቶውን ቀድሞ አይቶ ከመጣ መልክ ማስለየቱ ዋጋ የለውም። ይህን ለክብሩ ሳይሆን ለሥራችሁ ስትሉ እንኳን ተዉት።

ልጆችን ከአዋቂ ጋር አታሳድሩ። ክፍል ከሌለ ቢሮ ይደር።

ለባለ ጉዳይ ሻይ ክፈሉ እንጂ አታስከፍሉ።

ስለ ምግብ አንድ ነገር ብዬ ላብቃ። ጠዋት ጠዋት እናቶችና ሚስቶች ምሳ ዕቃ በፌስታል ይዘው ጣቢያው በር ላይ ይሰለፋሉ። አንዳንዷ ሌሊት ተነሥታ ነው የመጣችው። ምግቡ መፈተሽ አለበት፣ እስማማለሁ፤ ምላጭ በዳቦ ውስጥ አግኝቼ አውቃለሁ። ግን ጣታችሁን ወጡ ውስጥ አትክተቱ። ማንኪያ አምጡ፣ ወይም እሷ ራሷ ፊታችሁ ታገላብጠው፣ ካስፈለገም ትቅመስላችሁ። ዘመድ መጠየቅም መብት ነውና ብርዱ ላይ እስከ ቀትር አታቁሟቸው።