የጎ ጨዋታን ከማዕዘን እንዴት እንጀምራለን?

እዚህ ሐዋሳ የጎ ሰሌዳ የሚሸጥ ሱቅ ፈልጌ አጣሁ። ስለዚህ የኔ ጎ የተጀመረው በካርቶንና በቦሎቄ ነው። ለማታውቁት፣ ጎ ቻይና ውስጥ ተወልዶ ከ2500 ዓመት በላይ የኖረ ጨዋታ ነው። ቻይኖች ዌይቺ፣ ኮሪያዎች ባዱክ ይሉታል። ሁለት ሰዎች ጥቁርና ነጭ ጠጠር በየተራ እያስቀመጡ መሬት ይከልላሉ። የተቀመጠ ጠጠር አይንቀሳቀስም። መተንፈሻው፣ ማለትም በመስመር የሚያያዙት አጠገቡ ያሉ ባዶ ነጥቦች፣ በሙሉ ከተዘጋ ግን ይበላል። ብዙ መሬት የከለለ ያሸንፋል። ሕጉን በአንድ ከሰዓት ትለምዱታላችሁ። እኔን ሁለት ዓመት ያንገላታኝ ማዕዘኑ ነው።

ሰሌዳው

ካርቶን ላይ 19 መስመር በቁም፣ 19 መስመር በአግድም አስምሩ። ጠጠር የሚቀመጠው እንደ ዳማ ሳጥኑ ውስጥ ሳይሆን መስመሮቹ የሚገናኙበት ነጥብ ላይ ነው። 361 ነጥብ ይሆናል። በመስመሮቹ መካከል 2 ሳንቲሜትር ከተዋችሁ ለቦሎቄ ይበቃል። ነጭ ቦሎቄ ለነጩ፣ ቀይ ቦሎቄ ለጥቁሩ። ዳማ ተጫዋቾች የሚጠቀሙበት ቆርኪ እዚህ አይመችም። ክፍተቱን ከ3 ሳንቲሜትር በላይ ማድረግ ስላለባችሁ ሰሌዳው ጠረጴዛውን ይሞላዋል። ሐይቁ ዳር ለመጫወት ካሰባችሁ ግን ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ቦሎቄውን እንዳይወስድባችሁ ጥላ ብቻ ሳይሆን ከለላ ያለው ቦታ ምረጡ።

በአራተኛው፣ በአሥረኛውና በአሥራ ስድስተኛው መስመር መገናኛዎች ላይ ነጥብ አድርጉ። ዘጠኝ ይሆናሉ። ኮከብ ይባላሉ።

ለምን ከማዕዘን?

ቦታ ያጠረ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ሁለቱን ወገን የጎረቤት አጥር ከዘጋላችሁ ቆርቆሮ የምትገዙት ለቀሩት ሁለት ወገኖች ብቻ ነው። ሜዳ መሃል ያለ ቦታ ግን አራቱንም ይጠይቃችኋል። ሰሌዳው ላይም የጎረቤት አጥር የሚሆንላችሁ ጠርዙ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ማዕዘን፣ ቀጥሎ ጠርዝ፣ መሃሉ መጨረሻ።

ነጥቦቹን እንዲህ እንጥራቸው። የታችኛውን ግራ ማዕዘን እንውሰድና የመጀመሪያው ቁጥር ከግራ፣ ሁለተኛው ከታች ይቆጠር። 4-4 ኮከቡ ነው። ፈጣን ነው፣ ወደ ውጭ ያያል፣ ማዕዘኑን ግን አልዘጋውም። 3-4 ማዕዘኑን ይበልጥ ይጠብቃል። 3-3 በአንድ ጠጠር ማዕዘኑን ይይዛል፣ ግን ዝቅ ያለ ነው። ለጀማሪ 4-4ን እመርጣለሁ። 3-4 ላይ ከጀመራችሁ ናዳሬ የሚባል ነገር ሊመጣባችሁ ይችላል። በጃፓንኛ የበረዶ ናዳ ማለት ነው። ቃሉ ከኛው ናዳ ጋር መመሳሰሉ ሁሌ ይገርመኛል። ቅርንጫፉ ብዙ ስለሆነ አሁን አትንኩት።

አንዷን ጆሴኪ ከነምክንያቷ

ጆሴኪ ማለት ማዕዘን ላይ ሁለቱንም ወገን እኩል የሚያደርስ፣ በልምድ የተፈተነ ቅደም ተከተል ነው። በዚህች ጀምሩ።

ጥቁር 4-4 ላይ አለ። ነጭ 6-3 ላይ ይጠጋል። ጥቁር በሌላኛው ወገን 3-6 ላይ ይመልሳል። ነጭ 4-2 ላይ ከስር ይንሸራተታል። ጥቁር 3-3፣ ነጭ 9-3። አለቀ። ተራው የጥቁር ነው፣ ወደ ሌላ ቦታ መሄድ ይችላል።

አሁን ምክንያቱን እዩ። ነጭ 4-2 ላይ የተንሸራተተው 3-3ን አይቶ ነው፤ ዝም ካላችሁት ማዕዘኑን ይወስደዋል። 3-3 ላይ የምታስቀምጡትም ለዚህ ነው። ነጭ 9-3 ድረስ የሚዘረጋው ደግሞ ጠጠሮቹ ቤት ስለሌላቸው ነው። ካልዘረጋ እናንተ እዚያው አካባቢ ጠጠር አስቀምጣችሁ ስታሯሩጡት ትውላላችሁ። ምክንያቱን ካወቃችሁ ተቃራኒያችሁ ከመስመሩ ቢወጣ እንኳ መልሱን ራሳችሁ ታገኙታላችሁ። ጎ ተጫዋቾች «ጆሴኪ የሸመደደ በሁለት ጠጠር ይደክማል» የሚሉት ያለ ነገር አይደለም።

3-3 ላይ ሲገባባችሁ

ኮከባችሁ ላይ እያላችሁ ነጭ በቀጥታ 3-3 ላይ ሊገባ ይችላል። ድሮ ይህን ገና በመክፈቻው ማድረግ እንደ ችኮላ ይታይ ነበር። አልፋጎ የተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም በመጋቢት 2016 እንደ ፈረንጆቹ፣ ሴኡል ላይ ኮሪያዊውን የጎ ባለሙያ ሊ ሴዶልን 4 ለ 1 ካሸነፈ በኋላ ግን ኮምፒውተሮቹ ቶሎ ቶሎ ሲገቡ ታየ፣ ባለሙያዎቹም ተከተሏቸው። ስለዚህ ይገባባችኋል።

ምርጫችሁ ሁለት ነው፤ 4-3 ላይ መዝጋት ወይም 3-4 ላይ መዝጋት። ነጭ ማዕዘኑን ይወስዳል፣ እናንተ ወደ ውጭ የሚያይ ግንብ ታገኛላችሁ። ግንቡ የሚጠቅመው የራሳችሁ ጠጠሮች ወዳሉበት ሲያይ ነው። የታችኛው ጠርዝ ላይ ጠጠር ካላችሁ 4-3 ላይ ዝጉ። ነጭ 3-4 ላይ ይገፋል፣ እናንተ 4-5 ላይ ቀጥሉ፣ እሱ 2-6 ላይ ይወጣል። ተራው ተመልሶ የናንተ ነው። የግራው ጠርዝ የናንተ ከሆነ ይህንኑ ገልብጡት።

መሰላሉን ሳታዩ አትጀምሩ

እዚህ ጋ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ።

አንድ ጠጠር አንድ መተንፈሻ ብቻ ሲቀረው አታሪ ላይ ነው እንላለን። ባለቤቱ አንድ ጠጠር ጨምሮ ይሸሻል፣ መተንፈሻው ሁለት ይሆናል። እናንተ አንዱን ትዘጋላችሁ፣ እንደገና አታሪ። እንደገና ይሸሻል። አንዴ ወደ ጎን፣ አንዴ ወደ ላይ እያለ ሰሌዳውን በሰያፍ ያቋርጣል። መሰላል የሚባለው ለዚህ ነው። ጠርዝ ሲደርስ መውጫ ያጣና የሸሸው ሁሉ ይበላል። ማዕዘን ላይ የሚደረጉ ብዙ ቅደም ተከተሎች፣ በተለይ የ3-4ዎቹ፣ የሚሠሩት መሰላሉ ከሠራ ብቻ ነው።

አንድ ቅዳሜ ፍቅር ሐይቅ ዳር ዛፍ ጥላ ስር ከአክስቴ ልጅ ጋር እየተጫወትኩ ነበር። ከታች ግራ ማዕዘን ላይ የሸመደድኩት መጣልኝ፣ አንዱን ጠጠሩን ቆረጥኩና አታሪ አልኩት። ሸሸ። ተከተልኩት። ጎረቤታችን አጠገባችን ቆመው ያዩ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ዳማ የተጫወቱ ሰው ናቸው፣ ጎን ያወቁት እኛን በማየት ብቻ ነው። ጎንበስ ብለው «ልጄ፣ ማዶ ያለውን አየኸው?» አሉኝ። «አየሁት ጋሼ» አልኳቸው። አላየሁትም ነበር። ላይኛው ቀኝ ማዕዘን ኮከቡ ላይ አንድ ነጭ ቦሎቄ ተቀምጧል። መሰላሉ እየወጣ እየወጣ እሱ ጋ ደረሰና ተያያዘ።

ሲያያዝ የሚሆነው ይህ ነው። የሸሸው ወገን መተንፈሻ ያገኛል፣ አታሪ ማለት አይቻልም። እናንተ ደግሞ ግራና ቀኝ የደረደራችኋቸው ጠጠሮች እርስ በርስ ያልተያያዙ፣ በየቦታው ክፍተት ያላቸው ናቸው። ተቃራኒያችሁ በአንድ ጠጠር ሁለቱን በአንዴ አታሪ ይላችኋል። አንዱን ስታድኑ ሌላው ይበላል። ያን ቀን ከ20 በላይ ጠጠር ደርድሬ አንዱም አልጠቀመኝም፤ ጨዋታው መሃል ሳይደርስ አለቀ። ጋሼ ቀድመው ያዩት ዳማ ዓይናቸውን ሰያፍ ስላለማመደው ነው። ዳማ የምትጫወቱ ሰዎች እዚህ ላይ ትቀድሙናላችሁ።

ስለዚህ አታሪ ከማለታችሁ በፊት ጣታችሁን የሚሸሸው ጠጠር ላይ አድርጋችሁ በሰያፍ እስከ ማዶው ጠርዝ ውሰዱት። በአንዷ ቀጭን መስመር ብቻ አትሂዱ፤ ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ሦስት መስመሮችም እዩ። መንገዱ ላይ የተቃራኒ ጠጠር ካለ መሰላሉን አትጀምሩ። የራሳችሁ ጠጠር ካለ ደግሞ ለናንተ ይሠራል። ጠጠሩ መንገዱ ላይ ይሁን አጠገቡ ካልለየላችሁ በልባችሁ እየቆጠራችሁ እስከ መጨረሻው ሂዱ፤ ሸሸ፣ አታሪ፣ ሸሸ፣ አታሪ። አሰልቺ ነው። ግን አቋራጭ የለውም።

መሰላሉ ቢሠራም ችላ አትበሉት። ተቃራኒያችሁ ማዶ ማዕዘን ላይ አንድ ጠጠር ቢያስቀምጥ መሰላሉንም ይሰብራል፣ ማዕዘኑንም ይጠጋል። በአንድ ጠጠር ሁለት ሥራ ሠራ ማለት ነው። እሱ እዚያ ሲያስቀምጥ እናንተ እዚህ ጠጠሩን በልታችሁ አንሱት።

ስለ ስልክና ስለ ልምምድ

ካታጎ የሚባለው ፕሮግራም በነፃ ይገኛል፣ ከማንኛውም ሰው በላይ ይጫወታል። ከጨዋታ በኋላ ስህተት ለመፈለግ ወደር የለውም። እየተጫወታችሁ ግን አትክፈቱት። የት እንደሚቀመጥ እንጂ ለምን እንደሆነ አይነግራችሁም፣ ዓይናችሁም ማየት ያቆማል።

እኔን የጠቀመኝ ልምምድ ይህ ነው። ከጓደኛችሁ ጋር መጀመሪያዎቹን 30 ጠጠሮች ብቻ ተጫወቱና አቁሙ። ቦሎቄውን ሰብስቡ። ከዚያ ሁለታችሁም ሳትነጋገሩ እንደነበረው መልሳችሁ ደርድሩት። ያልመጣላችሁ ጠጠር ያለ ምክንያት ያስቀመጣችሁት ነው፤ እሱ ላይ ተነጋገሩና እንደገና ጀምሩ።